ኢትዮጵያዊት በእንግሊዝ መንደር፦ ስለ ፓሪሽ ምክር ቤት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በእንግሊዝ አገር፣ ሱፎልክ ውስጥ በአንዲት ትንሽ መንደር እኖራለሁ። በሥራ ቪዛ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ከቤቴ ጀርባ ባለው እርሻ ላይ 40 ቤቶች ሊሠሩ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጎረቤቴ በፓሪሽ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ እንድናገር ትገፋፋኛለች። ለመሆኑ ይህ ምክር ቤት የቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ እንደ እኛ ቀበሌ? በካውንስል ታክሴ (ለአካባቢ አስተዳደር በምከፍለው የቤት ግብር) ላይም ለእርሱ የሚከፈል ገንዘብ አያለሁ። መናገር፣ መምረጥ፣ አባል መሆን እችላለሁ? ብናገርስ ቪዛዬን ይነካብኛል?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናስወግድ። በሥራ ቪዛ የሚኖር ሰው በመንደሩ ጉዳይ ሐሳብ እንዳይሰጥ የሚከለክል ቅድመ ሁኔታ የለም፤ ስለዚህ ስብሰባው ላይ መገኘትም ሆነ መናገር ቪዛዎን አይነካም። መምረጥና መመረጥ ግን በያዙት ፓስፖርት አይችሉም። ከሁለቱም ይልቅ አሁን የሚያስፈልግዎ ጎረቤትዎ ያልነገሩዎት ነገር ነው፦ በ40ዎቹ ቤቶች ላይ የሚወስነው የፓሪሽ ምክር ቤቱ አይደለም። እዚያ ተናግረው ብቻ ከተመለሱ ቃልዎ ከሚወስነው አካል ላይደርስ ይችላል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ነው ወይ ላሉት፣ ዛሬ አይደለም፤ መነሻው ግን ከዚያው ነው። እስከ 1894 ድረስ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የእንግሊዝ ገጠር ጉዳይ በአብዛኛው የሚመከረው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ነበር፤ በጉባኤውም የሚደመጡት ቄሱና ባለርስቱ ነበሩ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ዓለማዊውን ሥራ ለይቶ በምርጫ ለሚቋቋም ምክር ቤት ሰጠ። የመጀመሪያው ምርጫ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተካሄደ። ለፓርላማ የመምረጥ መብት ካገኘ ገና 10 ዓመት የሆነው የእርሻ ሠራተኛ ከመሬቱ ጌታ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጥ ቻለ። ሴቶችም ለፓርላማ ለመምረጥ እስከ 1918 መጠበቅ ሲኖርባቸው እዚህ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መምረጥም መመረጥም ተፈቀደላቸው። የአጥቢያው ወሰንና የፓሪሽ ምክር ቤቱ ወሰን ዛሬም በብዙ ቦታ ስለሚቀራረብ፣ ስብሰባውም አንዳንዴ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለሚደረግ ግራ መጋባትዎ አያስገርምም።

ቀበሌ ለማለት ደግሞ ጉልበቱ አይበቃውም። መታወቂያ አይሰጥም፤ የድጋፍ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ቤት አያከራይም፤ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ አይመዘግብም። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ምክር ቤቶች አሉ፤ ከመካከላቸው የአንድ ከተማ ያህል ሕዝብ የሚያስተዳድሩ አሉ፤ አምስት አባላትና በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት የሚሠራ አንድ ጸሐፊ ብቻ ያላቸውም አሉ። ሥራቸው የመጫወቻ ሜዳ፣ የመቃብር ቦታ፣ የአውቶቡስ መጠለያ፣ የመንገድ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመንደሩ ሣር ነው። የአደባባይ ሰዓት የመትከል ሥልጣን የሚሰጣቸው የ1957 ሕግ አለ፤ የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት ለመጠበቅ ደግሞ የ1923 ሕግ አለ። ያቺን ቀይ የስልክ ዳስ ሳያዩ አይቀሩም፤ የስልክ ኩባንያው በአንድ ፓውንድ ሸጧቸው፣ የልብ ምት መመለሻ መሣሪያ ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ የሆኑ በሺዎች ይቆጠራሉ። ገዢው በአብዛኛው የፓሪሽ ምክር ቤት ነው።

የሚያስቸግረው ነዋሪው የማይችሉትንም ሁሉ ከእነርሱ መጠበቁ ነው። በፓሪሽ ምክር ቤት ጸሐፊነት ስሠራ ከሚደርሱኝ አቤቱታዎች አብዛኞቹ እኛን የማይመለከቱ ነበሩ። ሱፎልክ ሦስት እርከን አለው። አስፋልቱ ቢቦረቦር፣ የትምህርት ቤት ጉዳይ ቢኖርዎ፣ የአረጋውያን ማኅበራዊ ድጋፍ ቢሆን የሚመለከተው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ቆሻሻ የሚያነሣው፣ የካውንስል ታክሱን የሚሰበስበው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳው ምክር ቤት ነው፤ እንደ መንደርዎ አቀማመጥ ምሥራቅ ሱፎልክ፣ ምዕራብ ሱፎልክ፣ መካከለኛው ሱፎልክ ወይም ባበርግ ይሆናል። ከሁሉ በታች ፓሪሹ አለ። መንግሥት በዲሴምበር 2024 ባወጣው ሰነድ ካውንቲንና ወረዳን እያዋሐደ አንድ ለማድረግ ማቀዱን አስታውቋል፤ ይህ ሲሆን ወሳኙ አካል ከመንደሩ ይበልጥ ስለሚርቅ የፓሪሹ ሚና ከፍ ማለቱ አይቀርም ባይ ነኝ።

ስለ ገንዘቡ። የፓሪሽ ምክር ቤት ራሱ ግብር አይሰበስብም። የዓመቱን ወጪ አስልቶ ለወረዳው «ይህን ያህል ሰብስብልኝ» ይላል፤ ወረዳው በካውንስል ታክሱ ላይ ደምሮ ይሰበስብና ያስረክበዋል። አሠራሩን ለማየት አንድ ፓሪሽ 20,000 ፓውንድ ጠየቀ እንበል፤ ቤቶች ለግብር ከሚመደቡባቸው እርከኖች በመካከለኛው በ«ዲ» ተመጣጥነው የተቆጠሩ 400 ቤቶች ካሉት በዚያ እርከን ያለ ቤት በዓመት 50 ፓውንድ ይደርስበታል። ዝቅተኛው የ«ኤ» እርከን ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይከፍላል። (እርከኑ የተመሠረተው ቤቱ በኤፕሪል 1991 ያወጣ በነበረው ዋጋ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ቤት እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ በዚያ ዋጋ ይገመታል። አስቂኝ ቢሆንም ሕጉ ነው።) ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ከጠቅላላው ላይ 25 በመቶ ቅናሽ ይገባዎታል፤ ያልጠየቁ ብዙ የአገር ልጆች ስለማውቅ ነው የማነሣው።

ወረዳና ካውንቲ ግብራቸውን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ለማሳደግ ሕዝበ ውሳኔ ማካሄድ አለባቸው፤ ፓሪሾች ላይ ግን ይህ ገደብ እስካሁን አልተጣለም። ስለዚህ ልጓሙ ነዋሪው ነው። የበጀት ዓመቱ ኤፕሪል 1 ይጀምራል፤ ውሳኔው ግን ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ያልቃል። ሂሳቡ በኤፕሪል ቤትዎ ሲደርስ መቆጣት ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥላ መዘርጋት ነው። ሂሳቡን መመርመር ከፈለጉ ደግሞ በየዓመቱ ለ30 የሥራ ቀናት መዝገቡ ክፍት ይሆናል፤ የጁላይ የመጀመሪያዎቹ 10 የሥራ ቀናት የግድ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደ ፓስፖርቱ። እንግሊዝ ውስጥ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች እና የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ከጎንዎ የምትሠራው ኬንያዊት በእርስዎው ዓይነት ቪዛ መጥታ መምረጥ ትችላለች፤ ለአባልነት ለመወዳደር ግን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አለባት። እርስዎ ከሁለቱም ውጭ ነዎት። ድንበሩን ተሻግረው ዌልስ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሁሉ ስለሚመርጥ በፓሪሽ ፈንታ እዚያ ባለው ምክር ቤት ድምፅ ይኖርዎ ነበር። የታሪክ አጋጣሚ እንጂ ፍትሕ አልለውም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየዓመቱ ከወረዳው የሚመጣው የመራጮች ምዝገባ ጥያቄ ዜግነት ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊ ብለው በትክክል ይመልሱ። የሐሰት መረጃ ሰጥቶ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ ቪዛዎን ሊነካ የሚችለው ይህ እንጂ ስብሰባ ላይ መናገር አይደለም። የብሪታንያ ዜግነት ሲወስዱ ሁሉም በር ይከፈታል፤ በኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ግን የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያን ስለሚያጣ፣ ያንን ለፓሪሽ ምክር ቤት ብሎ የሚያደርገው የለም።

ዜግነት ላላቸው አንባቢዎች በአጭሩ፦ ለመወዳደር ዕድሜ 18 መሙላት፣ በፓሪሹ መራጭነት መመዝገብ ወይም ላለፉት 12 ወራት እዚያው ወይም በ4.8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ መኖር፣ አለዚያም ዋናው የሥራ ቦታ በፓሪሹ ውስጥ መሆን ይበቃል። የሚያስይዙት ገንዘብ የለም። በብዙ መንደሮች ከወንበሩ ቁጥር ያነሰ ተወዳዳሪ ስለሚቀርብ የቀረበው ሁሉ ያለ ውድድር ያልፋል። በመካከል ወንበር ከተጓደለም 10 መራጮች በ14 የሥራ ቀናት ውስጥ ምርጫ ካልጠየቁ ምክር ቤቱ ራሱ ሰው መርጦ ያስገባል። ደመወዝ ግን አይጠብቁ።

ስብሰባው እንዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ የሚገቡ ሰዎች ተቀይመው ሲወጡ ስላየሁ እዚህ ላይ ቆም ልበል። አጀንዳው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀናት ቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መውጣት አለበት፤ የተለጠፈበትና ስብሰባው የሚደረግበት ቀን፣ እሑድም ጭምር፣ አይቆጠሩም። በአጀንዳው ላይ ያልተያዘ ጉዳይ ቢነሣ እንኳ ሕጋዊ ውሳኔ ሊተላለፍበት አይችልም። ስለዚህ እንዲወሰንልዎ የሚፈልጉት ነገር ካለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ለጸሐፊው ይጻፉ። ለሰብሳቢው አይደለም፤ ለጸሐፊው ነው። ሰብሳቢው በየዓመቱ በሜይ ይመረጣል፤ ደብዳቤ የሚቀበለው፣ አጀንዳ የሚያወጣውና ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊው ነው።

በ1960 የወጣ ሕግ ማንም ሰው ገብቶ እንዲያዳምጥ መብት ይሰጣል፤ መናገርን ግን አይጨምርም። መናገር የሚፈቀደው ምክር ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ ለነዋሪዎች በሚተው ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ጸጥ ብሎ መስማት ነው። አባላቱ በኋላ ስለ እርሻው ሲከራከሩ እጅዎን ቢያወጡ ሰብሳቢው አያይዎትም፤ አንዱ አባል የተሳሳተ ነገር ሲናገር እየሰሙ ዝም ማለት ይኖርብዎታል። ንቀት ሊመስልዎ ይችላል፤ ከመንደሩ ተወላጆችም የሚለየዎት የለም፤ እነርሱም እኩል ዝም ይባላሉ። ለመናገር የሚከብድዎት ከሆነ በጽሑፍ ሰጥተው ጸሐፊው እንዲያነብልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ፈቃደኞች ናቸው።

ሌላም ልብ የሚሉት አለ። የስብሰባው መጀመሪያ ላይ አባላቱ የጥቅም ግጭት ካለባቸው ያስታውቃሉ። በገጠር እርሻውን ለገንቢው የሚሸጠው ገበሬ ራሱ የምክር ቤት አባል መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። የገንዘብ ጥቅም ያለው አባል በውይይቱም በድምፁም መሳተፍ አይችልም፤ በ2011 በወጣው ሕግ ይህን አውቆ መጣስ ወንጀል ነው። የአባላቱ የንብረት መዝገብ በድረ ገጽ ላይ ስለሚወጣ አስቀድመው ያንብቡት።

በ2021 መጀመሪያ የሃንድፎርዝ ፓሪሽ ምክር ቤት አባላት በዙም ሲጯጯሁ፣ ጃኪ ዊቨር የተባሉት የአካባቢ ምክር ቤቶች ማኅበር ኃላፊ ሰብሳቢውን ከስብሰባው ሲያስወጧቸው የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን አስቆ ነበር። ያን አይተው ከሆነ የሚሄዱት ቅር ይልዎታል። እርስዎ የሚያዩት ስምንት ጡረተኞች ስለ አንድ የቆሻሻ ቅርጫት ለ20 ደቂቃ ሲነጋገሩ ነው። የእንግሊዝ ገጠር ዴሞክራሲ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ።

እንግዲህ 40ዎቹ ቤቶች። የፓሪሽ ምክር ቤቱ ስለ ማመልከቻው ሐሳቡን ይጠየቃል፤ «እንቃወማለን» ወይም «እንደግፋለን» ብሎ ለወረዳው ይጽፋል፤ ወረዳው ግን በዚያ አይገደድም። የእርስዎ ሐሳብ በቀጥታ ወደ ወረዳው መሄድ አለበት። ማንም ሰው፣ ዜግነቱ ሳይጠየቅ፣ በወረዳው ድረ ገጽ ላይ የማመልከቻውን ቁጥር ጠቅሶ መጻፍ ይችላል። ጊዜው ከማስታወቂያው ጀምሮ ቢያንስ 21 ቀን ነው፤ ፓሪሹ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ ስብሰባውን ሲጠብቁ ቀኑ ሊያልፍብዎ ይችላል። የሚጽፉት ከነስምዎ ለሕዝብ እንደሚታይ፣ ብዙ ጊዜም አድራሻዎ እንደሚጨመር ይወቁ።

ምን ይጻፍ? «ከመስኮቴ የማየው እርሻ ይጠፋብኛል» ወይም «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» የሚል ሐሳብ ሕጉ አይመዝነውም፤ ሰው ግን የሚጽፈው ይህንኑ ነው። የሚመዘኑት የመንገድ ደኅንነት፣ የጎርፍና የፍሳሽ ጉዳይ፣ የአዲሶቹ ቤቶች መስኮት ወደ እርስዎ ግቢ ማየቱ፣ ጫጫታ፣ የታሪካዊ ሕንፃ አካባቢ፣ የዱር እንስሳት፣ የወረዳው የልማት ዕቅድ ናቸው። እርስዎ የሌሊት ተረኛ ሆነው የእግረኛ መንገድ በሌለው ጠባብ መንገድ በእግርዎ የሚሄዱ ከሆነ ያን ይጻፉ፤ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት እስከ የት፣ መኪና ሲመጣ ወዴት እንደሚጠጉ። መቶ ሰው ከፈረመበት ተመሳሳይ ደብዳቤ ይልቅ ባለሙያው እንዲህ ያለውን ያነባል።

ከመጻፍዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ ለመሆኑ ቤቶቹን ይቃወማሉ? ጎረቤትዎ መቃወማቸው እርስዎንም አያስገድድዎትም። አዳራሹን የሚሞሉት ቤታቸውን ገዝተው የጨረሱ ሰዎች ናቸው፤ ኪራይ ከብዷቸው ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየነዱ እነርሱንና ወላጆቻቸውን ሊጦሩ የሚመጡት ሠራተኞች በዚያ ምሽት ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ልማት የሚጠላ ይመስላል። ገንቢው ከወረዳው ጋር በሚፈርመው ውል ከ40ዎቹ የተወሰኑት ከገበያ ዋጋ በታች እንዲከራዩ ሊገደድ ይችላል፤ «ስንቱ? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ከመቃወም የበለጠ ፍሬ ሊኖረው ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤም ይቆጠራል፤ ቅድመ ሁኔታ ያለው ድጋፍም እንዲሁ፦ የእግረኛ መንገድ ይሠራ፣ የፍሳሽ መስመሩ ቀድሞ ይለወጥ፣ ግንባታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይጀመር፣ ቀን የሚተኛ ተረኛ አለና።

ፓሪሹም ከዚህ የሚያገኘው አለ። ወረዳው ከገንቢዎች የመሠረተ ልማት ክፍያ የሚሰበስብ ከሆነ ከዚያ 15 በመቶው፣ ጣሪያ ያለው ቢሆንም፣ ለፓሪሹ ይሰጣል። መንደሩ በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው የአካባቢ ልማት ዕቅድ ካለው ድርሻው 25 በመቶ ይሆናል። በሦስት ደቂቃዎ ውስጥ «ይህ ገንዘብ ከመጣ ምን ላይ ይውላል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

10 ወይም ከዚያ በላይ ቤቶች ያሉት ማመልከቻ እንደ ትልቅ ስለሚቆጠር ወረዳው በ13 ሳምንት ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። አካባቢዎን በወረዳው የሚወክለውን ተመራጭ ፈልገው ጉዳዩ በባለሙያ ብቻ ሳይሆን በኮሚቴ እንዲታይ ይጠይቁ፤ በኮሚቴውም ተመዝግበው መናገር ይችላሉ። ተመራጩ የሚያገለግለው ነዋሪውን ስለሆነ አልመረጥሁህም ብለው አይፈሩ። ፈቃዱ ቢከለከል ገንቢው ይግባኝ ይላል፤ ቢፈቀድ ግን ተቃዋሚው የይግባኝ መብት የለውም። የሚቀረው በስድስት ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነው፤ ያም በሥነ ሥርዓት ጉድለት ላይ እንጂ በውሳኔው ጥሩነት ላይ አይደለም፤ ወጪውም ከባድ ነው።

ከምክር ቤቱ ውጭ ያለው ሕይወት ፓስፖርት አይጠይቅም። የመንደሩ አዳራሽ ብዙ ጊዜ የምክር ቤቱ ሳይሆን በበጎ አድራጎት የተመዘገበና በባለአደራዎች የሚመራ ነው፤ ኮሚቴው ሁልጊዜ ሰው ይቸግረዋል፤ ዜግነት ለባለአደራነት መስፈርት አይደለም፤ ቪዛዎም የበጎ ፈቃድ ሥራ ይፈቅዳል። የበጋው የመንደር በዓል፣ በኖቬምበር ለጦር ሙታን የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበት እሑድ፣ የረቡዕ ጠዋት ቡና፦ እዚያ የሚተዋወቁት ሰው ነው ስብሰባው ላይ ሰላም የሚልዎት።

በመጨረሻ ሕጉ እርስዎንም ከነዋሪው እኩል የሚቆጥርበት አንድ ቦታ ልጠቁምዎ። ጓሮ የሌለው ሰው ከፓሪሹ በአነስተኛ ኪራይ አትክልት የሚያለማበት ቁራሽ መሬት ይሰጠዋል፤ የተለመደው ስፋት 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ጎመን አየሩ ይስማማዋል። መንደርዎ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለው በ1908 ሕግ መሠረት ስድስት ሰዎች ፈርመው በጽሑፍ ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ጉዳዩን የማየት ግዴታ አለበት፤ ፈላጊ መኖሩን ካመነም ቦታ ማዘጋጀት አለበት። ፈራሚዎቹ የግድ መራጮች መሆን የለባቸውም፤ በፓሪሹ የሚኖሩ የካውንስል ታክስ ከፋዮች መሆናቸው ይበቃል። ሂሳቡ በስምዎ የሚመጣ ከሆነ እርስዎ አንዷ ነዎት፤ አምስት ይፈልጉና ደብዳቤውን ለጸሐፊው ሰጥተው በሚቀጥለው አጀንዳ እንዲያዝ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ለራስዎ ያስቀሩ።